ከጦርነት ለተመለሰው ወንድማችን ምን ዕዳ አለብን?

ጥር 23 ቀን እንጅባራ የተገኘ ሰው ያጌጡ ፈረሶችና ፈረሰኞች ተሰልፈው ሲያልፉ ይመለከታል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዓድዋ ዘመቻና በአምስቱ የጠላት ወረራ ዓመታት የተዋደቁትን አባቶች፣ እነርሱንም ተሸክመው የዘመቱትን ፈረሶች ያስባል። ማኅበሩ ለበዓል ቀን ብቻ የቆመ አይደለም፤ አባሉ ሲድር ያጅባል፣ ሲሞት ወጥቶ ያለቅሳል፣ የተጣሉትንም ያስታርቃል። ለፈረስ እንኳ ውለታውን የማይረሳ ሕዝብ መካከል መኖራችን የሚያስመሰግን ነው።

ይሁን እንጂ ይህ መልካም ልማድ አንድ ከባድ ጥያቄ ያስነሣብናል። ከዓድዋ የተመለሰውን አባት እንዲህ የምናከብር ከሆነ፣ ከትናንትናው ጦርነት ተመልሶ ከቤታችን አጠገብ የሚኖረውን ወንድማችንን እንዴት ተቀብለነዋል? የዓድዋን አርበኛ ማክበር ቀላል ነው፤ ሁላችንም በአንድ ቃል እናመሰግነዋለን፣ ከእኛም የሚጠይቀው ነገር የለም። በሕይወት ያለው ግን በአንድ እግሩ ሊያርስ የማይችለው መሬት አለው፤ ሌሊት እየባነነ ሚስቱንና ልጆቹን ያስደነግጣል፤ የተዋጋበትም ጦርነት እስከ ዛሬ ያከራክረናል።

ታሪካችንን መለስ ብለን ብንመለከት ይህ ጥያቄ በየትውልዱ በራችንን አንኳኩቷል። በ1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት ተበተነ፤ እጅግ ብዙው ወደ ገጠር ተመልሶ ዳግም ማረሻ ጨበጠ። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላም በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወታደሮች ተሰናበቱ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ቆመ፤ ከዚያም የተቋቋመው የብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ አቀደ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን የተነሣው ግጭት ደግሞ ሌሎች ቤቶችን በኀዘን መትቷል። እንግዲህ የምንነጋገረው ስለ ሩቅ ሰው ሳይሆን በገበያ፣ በእድርና በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስለምናገኘው ሰው ነው።

አንዳንድ ምእመናን «ጦርነቱ ትክክል ያልነበረ ከሆነ ተዋጊውን መደገፍ ጦርነቱን ማጽደቅ አይሆንምን?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ከቅን ልቡና የመነጨ ነው፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ፍርዶችን ይቀላቅላል። ስለ ጦርነቱ የምንሰጠው ፍርድ ስለ አንድ ተግባር የሚሰጥ ፍርድ ነው። ለተመለሰው ሰው ያለብን ዕዳ ግን በእግዚአብሔር አርአያ ከመፈጠሩና የእኛ ወገን ከመሆኑ የሚመነጭ ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 «ደስታና ተስፋ» በተሰኘው ሰነዱ ሀገራቸውን በታማኝነት የሚያገለግሉትን ወታደሮች የሕዝባቸው ደኅንነትና ነጻነት አገልጋዮች ብሎ ሲጠራ፣ በዚያው ምዕራፍ ከተሞችን ከነነዋሪዎቻቸው ያለ ልዩነት የሚያጠፋውን ጦርነት አጥብቆ ኰንኗል። ቤተ ክርስቲያን ሁለቱን በአንድ አፍ መናገሯ መጋጨት አይደለም፤ ሰውን ከድርጊቱ ለይታ ማየቷ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። «የተመለሰው ሰው ግፍ ፈጽሞ ቢሆንስ?» የሚል ነው። መቀበል ማለት ነጻ ማውጣት አይደለም። ግፍ የተፈጸመበት ሰው ፍትሕ የማግኘት መብት አለው፤ ይህንን መብት በእንግድነት ስም ልንነፍገው አይገባም። ነገር ግን ወደ ንስሐ የሚወስደው መንገድ የሚጀምረው ሰውዬው ከሰው መካከል ሲኖር ነው። ከሰው የተገለለ ሰው ማንን ይቅርታ ይጠይቃል? ለማንስ ይክሳል? በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 31 ከውጊያ የተመለሱት ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ ቆይተው እንዲነጹ ታዝዘዋል። ቅዱስ ባስልዮስም በአራተኛው መቶ ዓመት በጦርነት የገደሉትን እንደ ነፍሰ ገዳይ ሳይቈጥር፣ ሦስት ዓመት ከቅዱስ ቁርባን ቢታቀቡ መልካም መሆኑን መክሮ ነበር። አባቶቻችን ጦርነት ትእዛዝ የፈጸመውን ሰው ነፍስ እንኳ እንደሚያቈስል ያውቁ ነበር፤ ከሰባቱ ቀንም ሆነ ከሦስቱ ዓመት በኋላ ግን ሰፈሩም ማዕዱም ይጠብቀው ነበር። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ማንጻቱንም መቀበሉንም ትተን ሰውዬውን በዝምታ ከውጭ አቁመነዋል።

«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚሉም አሉ። ጡረታ፣ ሕክምናና መቋቋሚያ በእርግጥ የመንግሥት ግዴታ ናቸው፤ ይህንንም መጠየቅ ተገቢ ነው። ሆኖም ጎረቤትነትን በደመወዝ መዝገብ መክፈል አይቻልም። አንድ ሰው ዳግመኛ የሰፈሩ ሰው የሚሆነው በእድሩ ስሙ ሲጠራ፣ ለሽምግልና ሲቀመጥ፣ ልጁን ሲድር የሚያጅበው ሲያገኝ ነው።

ስለ ቤተሰቦቻቸውም መናገር ይገባል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 30 እንደተጻፈው፣ ዳዊት አማሌቃውያንን ሲያሳድድ ከስድስት መቶ ሰዎቹ ሁለት መቶው ደክመው በወንዙ ዳር ከጓዙ ጋር ቀሩ። ድል ያደረጉት ሲመለሱ ከመካከላቸው ክፉዎቹ ለቀሩት ምርኮ አናካፍልም አሉ። ዳዊት ግን ወደ ሰልፍ የወጣውና ከጓዙ ጋር የቀረው እኩል እንዲካፈሉ ሥርዓት አደረገ። ባሏ ሲዘምት ማሳውን ያስተረሰች፣ ልጆቹን ያሳደገች፣ አማቶቿን የጦረች ሚስት ከጓዙ ጋር የቀረች ናት። ምስጋናውም ድጋፉም እኩል ይገባታል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው መርዶ ያልደረሳት እናት ነገር ነው። በቁምስና አገልግሎቴ አንዲት እናት፣ ልጇ ዘምቶ ወሬው ከጠፋ ብዙ ጊዜ ሆኖት፣ «አባ፣ እንዳላለቅስ አልሞተም፤ እንዳልጠብቅ አልመጣም፤ ምን ላድርግ?» ብላ ጠየቀችኝ። በዚያን ሰዓት የሰጠኋት መልስ መታገሥን የሚመክር አጭር ቃል ነበር፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። እድራችን ድንኳን የሚተክለው ሞት ሲታወቅ ነው፤ ልቅሶ የምንደርሰው መርዶ ሲነገር ነው። ስለዚህ የዚህች እናት ኀዘን በደንባችን ውስጥ ቦታ የለውም። ፍትሐት ይደረግለት ብትል ተስፋዋን የቀበረች ይመስላታል። ሆኖም ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ፦ በቅዳሴያችን ለሕያዋንም ለሙታንም እንጸልያለን። የልጇ ስም በመሠዊያው ፊት ሊታሰብ ይችላል፤ በየትኛው ወገን እንዳለ እግዚአብሔር ያውቃል። እኛ ልናውቅ የሚገባን እናቲቱ ብቻዋን እንዳለች ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በተለይ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ቤት ለቤት ስለምትደርሱ የምትችሉት ብዙ ነው። የተመለሰውን ሰው ስንት ሰው ገደልህ፣ በየት በኩል ተዋጋህ ብላችሁ አትጠይቁት፤ ራሱ ሊናገር ሲወድ ግን ሳትቸኵሉ አድምጡት። እንቅልፍ ያጣውን፣ ወደ መጠጥ ያዘነበለውን ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ምከሩት፤ ብቻውን ለመሄድ ቢያፍር አብራችሁት ሂዱ። ጸሎት ሕክምናን አይከለክልም። በዘመቻ ሳለ መዋጮ ስላልከፈለ ከእድር የተሰረዘ ሰው ቢኖር ያለ ቅጣት እንዲመለስ ሽማግሌዎችን ለምኑ። ለአካል ጉዳተኛውና ለባልቴቲቱ ማሳ ጅጌ ውጡ፤ በዘርና በአጨዳ ጊዜ የሚደረግ የአንድ ቀን ሥራ ከብዙ ስብከት ይበልጣል። መርዶ ያልደረሳቸውንም እናቶች በበዓል ዋዜማ ጎብኟቸው።

ይህንንም ስናደርግ ወታደሩን እንደ ተረጂ ብቻ አንየው። ቅዱስ ካሚሎስ ዘሌሊስ በእግሩ ላይ የማይድን ቍስል የነበረበት፣ ያለውን በቁማር ያጠፋ፣ ከሥራም ከቤትም የተፈናቀለ ወታደር ነበር። ካፑቺን መነኰሳት በሥራቸው ላይ ተቀበሉት፤ በዚያም ልቡ ተመለሰ፤ በኋላም ሕሙማንን የሚያገለግል ማኅበር መሠረተ። በር የተከፈተለት ሰው ለሌሎች በር ከፋች ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

በሚመጣው ጥር 23 ፈረሶቹ ሲያልፉ ቆመን ስንመለከት፣ ከሰልፉ ማዶ ብቻውን በምርኵዝ ተደግፎ የቆመ ሰው እንዳለ ዘወር ብለን እንይ። ካለም ወደ እርሱ ሄደን ከአጠገቡ እንቁም። የሰላም አምላክ ለሀገራችን ሰላምን፣ ለእኛም ወንድማችንን የሚለይ ዓይን ይስጠን። አሜን።