ማንም በማያይበት ባሕር ላይ

ሰው ያላየው ሥራ ፍርድ አለበትን? ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን ብዙዎች በአፋቸው አዎን ብለው በእጃቸው የለም የሚሉበት ጥያቄ ነው።

በሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ አጥማጁ ማታ መረቡን ጥሎ ያድራል፤ ጎሕ ሳይቀድ በጀልባ ወጥቶ ያነሣዋል። በአጠገቡም የባልንጀራው መረብ ተዘርግቷል። በአሞራ ገደል የሚጠብቀው ገዥ የዓሣውን ዋጋ እንጂ ከማን መረብ እንደ ወጣ አይጠይቅም። በዚያች የጨለማ ሰዓት የአጥማጁን እጅ የሚይዘው ምንድን ነው?

የሐይቁ ጨለማ ለጥቂት ሰዓት ነው፤ ሲነጋ ዳሩ ሁሉ ይታያል። ዳርቻ በማይታይበት ውቅያኖስ ላይ ብቻውን ወራት የሚቀመጥ ሰው ግን ፈተናው ምን ያህል ይበረታ ይሆን?

በ1960 ዓ.ም. ሰንዴይ ታይምስ የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ ብቻውን በሸራ ጀልባ፥ ወደብ ሳይነካ ዓለምን ለሚዞር ሰው ሽልማት አቆመ። ከወጡት 9 ሰዎች አንዱ ዶናልድ ክሮኸርስት ጥቅምት 21 ቀን 1961 ዓ.ም. ተነሣ። በእንዲህ ያለው ጉዞ መሪውን የሚይዝ፥ ሸራውን የሚጠግን፥ ምግቡን የሚያበስል፥ በፀሐይም ለክቶ ያለበትን ስፍራ በመዝገብ የሚጽፍ ያው አንድ ሰው ነው። ጸሓፊውም ምስክሩም እርሱ ብቻ ነው።

የክሮኸርስት ጀልባ ውኃ ታስገባ ጀመር። ቢመለስ ዕዳ፥ ቢቀጥል ሞት አስፈራው። ስለዚህ ከአትላንቲክ ሳይወጣ፥ ዓለምን የሚዞር መስሎ ሐሰተኛ ወሬ በሬዲዮ ያስተላልፍ ጀመር።

ይህ ውሸት ማንንም የማይጎዳ ይመስል ነበር። ነገር ግን ናይጄል ቴትሊ የተባለው ተወዳዳሪ፥ ክሮኸርስት ሊቀድመው የተቃረበ መስሎት የተጎዳች ጀልባውን ከዐቅሟ በላይ ቢያስሮጣት፥ በግንቦት 1961 ዓ.ም. ሰጠመችበት፤ እርሱም በጭንቅ ተረፈ። ክሮኸርስት እንግዲህ ቢገባ ሊሸለም፥ መዝገቡም ሊመረመር ሆነ። ሐምሌ 3 ቀን ጀልባው ባዶዋን ስትንሳፈፍ ተገኘች። እውነተኛው መዝገብ በውስጧ ነበረ፤ ሰውየው ግን አልነበረም። ጉዞውን ብቻውን የፈጸመው ሮቢን ኖክስ ጆንስተንም 5,000 ፓውንድ ሽልማቱን ለክሮኸርስት ሚስትና ልጆች ሰጠ። እኛም በሟቹ ላይ አንፈርድም፤ ፍርድ የእግዚአብሔር ነውና።

ነቢዩ ዮናስም በመርከብ ሸሽቶ ነበር። ማዕበሉ በተነሣ ጊዜ ግን ምክንያቱ እርሱ መሆኑን ሳይሸሽግ ተናገረ፤ ኑዛዜውም አብረውት ለነበሩት መዳኛ ሆነ። እንግዲህ ልዩነቱ አንዱ መሳሳቱ፥ ሌላው አለመሳሳቱ አይደለም። አንዱ የመመለሻውን በር ከፈተ፤ ሌላው ግን በየቀኑ በሚጽፈው ሐሰት በገዛ እጁ ዘጋው።

ከባልንጀራው መረብ ዓሣ ያነሣ ሰው ጎሕ ሳይቀድ ቢመልሰው ቀላል ነው። ከሸጠው በኋላ ይከብዳል፤ ለመሸፈን ሌላ ውሸት ከጨመረበት በኋላ ደግሞ እጅግ ይከብዳል። ነገር ግን በሕይወት ላለ ሰው የንስሐ በር ከቶ አይዘጋም። ስለዚህ ሁለት መዝገብ ያለን ሁላችን፥ ነጋዴም ብንሆን ጸሓፊም ብንሆን፥ እውነተኛውን ሌላ ሰው ከማግኘቱ በፊት ራሳችን በንስሐ አባታችን ፊት እንግለጠው።

በስውርም በገሃድም አንድ ልብ ይስጠን፤ አሜን።