የበሩ ዋጋና የጨዋታው ዋጋ

ለመሆኑ አንድ የኳስ ጨዋታ የማን ነው? የተጫዋቾቹ ነው የሚል አለ፤ የክለቡ ነው የሚል አለ፤ የደጋፊው ነው ብሎ ደረቱን የሚነፋም አይጠፋም። ጨዋታው በቴሌቪዥን እንዲታይ ሲሸጥ ግን ሻጩ አንድ፣ ገዢውም አንድ ነው። የቀረነው ሁሉ ተመልካች እንባላለን። ይህች አጭር ጽሑፍ ከዚህ ሽያጭ ጋር የሚነሣውን የፍትሕ ጥያቄ ለመመርመር ትሞክራለች።

እስቲ ከቅርባችን እንጀምር። ከባምቢስ ተነሥቶ በመስቀል አደባባይ በኩል ስታዲየም ለመድረስ ታክሲ አያስፈልግም፤ በእግር ነው። በዚያ ሜዳ በጥር ወር 1954 ዓ.ም. ሉቺያኖ ቫሳሎ በአምበልነት የመራው ቡድናችን፣ ያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራ የጀመረው ደግሞ በ1957 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የእግር ኳሳችንን ትልቁን ቀን አዲስ አበባ ላይ ቤቱ ተቀምጦ በቴሌቪዥን ያየ ሰው የለም። በዛሬ የገበያ ቋንቋ ከተነጋገርን፣ እዚህ አገር የዚያ ጨዋታ የስርጭት መብት ዜሮ ነበር። ታዲያ ጨዋታው ዋጋ አልነበረውም ልንል ነው? ማንም አይለውም።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር የሊጉን የ5 ዓመት የስርጭት መብት ዲኤስቲቪን ለሚያስተዳድረው መልቲቾይስ ኩባንያ ሸጠ። የተነገረው ዋጋ 22.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ያን ጊዜ አንድ ዶላር 38 ብር አካባቢ ስለነበር፣ ሲመነዘር ወደ 850 ሚሊዮን ብር ይጠጋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ግን አንድ ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ያው 22.5 ሚሊዮን ዶላር በአዲሱ ምንዛሪ ከ2 ቢሊዮን ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። አንድ ጎል ሳይጨመር፣ አንድ ተጫዋች ሳይሻሻል! ቁጥሩ ስለ ኳሱ ምንም እንዳልነገረን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ታዲያ የሚሸጠው ምንድነው? መልሱን ከአሜሪካ ኮሌጆች እናገኛለን፤ እዚያ የተማሪዎች ስፖርት ትልቅ ሸቀጥ ሆኗልና። እ.ኤ.አ. እስከ 1984 ድረስ የኮሌጅ ፉትቦል የቴሌቪዥን ሽያጭ በአንድ ብሔራዊ ማኅበር፣ በኤን.ሲ.ኤ.ኤ. እጅ ነበር። ማኅበሩ ስንት ጨዋታ እንደሚታይ ይወስናል፤ አንድ ኮሌጅ ስንት ጊዜ እንደሚታይም ይገድባል። የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች ከሰሱት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ፈረደላቸው። ከዚያ ምን ሆነ? የሚታየው ጨዋታ በዛና የአንዱ ጨዋታ ዋጋ ወደቀ። ተጫዋቾቹ ግን አልሰነፉም። የተለወጠው በሩ ነው፤ ሰፋ። የስርጭት መብት ማለት እንግዲህ በር ነው፤ ዋጋው የሚወጣውም ውጭ በሚቀረው ሰው ብዛት ጭምር ነው።

በኋላ ኮሌጆቹ ‘ኮንፈረንስ’ በሚሉት የውድድር ኅብረት እየተቧደኑ በሩን እንደገና ማጥበብ ተማሩ፤ ዋጋውም ሽቅብ ወጣ። ቢግ ቴን የተባለው ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 የተፈራረመው የ7 ዓመት ውል ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚያወጣ ተዘግቧል። ሥሩ እ.ኤ.አ. ከ1915 የሚጀምረው ፓክ-12 ግን የሚያረካ የቴሌቪዥን ውል ሲያጣ፣ በ2024 ከ12 አባላቱ 2 ብቻ ቀሩት። የመቶ ዓመት ጉርብትና በሁለት ዓመት ፈረሰ። ዛሬ የሎስ አንጀለስ ተማሪ ለኅብረቱ ግጥሚያ አህጉር አቋርጦ ኒው ጀርሲ ድረስ ይበራል። ያ ሁሉ ገንዘብ የተገኘበት ተማሪ እ.ኤ.አ. እስከ 2021 ድረስ በገዛ ስሙ እንኳ እንዳይነግድ ተከልክሎ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው በቀጥታ እንዲከፍለው የተፈቀደው በ2025 ነው።

እዚህ ላይ የሚቃወመኝ ጓደኛ አይጠፋም። «ወንድሜ፣ ክለቦቻችን በመሥሪያ ቤትና በከተማ በጀት፣ በትኬት ገቢም ሲንገታገቱ ኖረዋል። ገንዘብ ቢመጣ ምን አለበት? ካሜራው ባይመጣ ኖሮ ጂማ ላይ የሚጫወተውን ልጅ ድሬዳዋ ያለች እናቱ በምን ታየው ነበር?» ይለኛል። እውነቱን ነው። ውሉ በተጀመረበት ዓመት ውድድሩ ከአዲስ አበባ ጂማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ዞሯል፤ ጨዋታዎቹም ለሩቅ ተመልካች ደርሰዋል። መሸጥ በራሱ ነውር ነው የሚል ሰው ክለብ አስተዳድሮ አያውቅም።

ነገር ግን በአማርኛችን «ዋጋ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት እንዳለው አንርሳ። ዕቃ የገዛ ሰው ዋጋ ከፈለ እንላለን፤ ለአንድ ነገር የተሠቃየም ሰው ዋጋ ከፈለ እንላለን። ጉልበቱ የተሰበረው ተጫዋች ዋጋ ከፍሏል። በዝናብ ሰልፍ ይዞ ሲዘምር የኖረው ደጋፊም ከፍሏል። ሊጉ ገዢ ያገኘው እነዚህ ሰዎች ለአሥርት ዓመታት በነጻ ያከማቹት ፍቅር ስላለ ነው። ባዶ ስታዲየም ውስጥ ማንም ካሜራ አይተክልም። በዚያ ውል ዘመን ያው ደጋፊ ዲኮደር ከሌለው አንድ ሻይ አዝዞ ሻይ ቤት ጥግ ይቆም ነበር፤ ለሻዩም ሳንቲም ያጣው መንገድ ላይ ሆኖ ጩኸቱን ይሰማ ነበር። ራሱ ያዋጣበት ቤት በር ተዘጋበት ማለት አይደለምን?

ስለዚህ የኔ አቋም ይህ ነው፤ በር የሚሸጥ ሰው ቤቱን ለሠሩት ሰዎች ዕዳ አለበት። ዕዳውም ሦስት መልክ አለው። ከገንዘቡ የተወሰነው ለተጫዋቹና ከሥር ለሚያድጉት ታዳጊዎች በግልጽ ይድረስ። በዓመት ጥቂት ታላላቅ ጨዋታዎች ለሁሉም በነጻ ይታዩ። ክለቡም ገዢው ነገ ቢሄድ ያለ እሱ መቆም በሚችልበት መንገድ ይተዳደር፤ ገዢ ሲያስብ የሚያስበው ስለ ትርፉ እንጂ ስለ ሰፈራችን አይደለምና።

የስርጭቱ ዋጋ ነገ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ሊወድቅም ይችላል። ያን ቀን ሜዳው ላይ ልጆች፣ ዳር ላይም የሚጮህላቸው ሰው ከቀረ ጨዋታው አለ። እነሱ ከሌሉ ግን የተሸጠው ምን እንደነበረ ያን ጊዜ ይገባናል። በዚህ የማይስማማ ካለ ብዕሩን ያንሣና ይሞግተኝ።