ምርኮ ወይስ አደራ? የዱር አራዊትን በማቆያ ስለ ማራባት

ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን፣ ብዙዎቹ የጎጃም ወንዞች ከሚፈልቁበት ከፍታ ላይ የጮቄ ተራራ ይገኛል። ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ 4,100 ሜትር ያህል ነው። ጅባራው በጭጋግ ውስጥ እንደ ዘብ ቆሞ፣ ጓሳው ውርጭ ለብሶ ሲታይ ቦታው ለአራዊት እንጂ ለሰው የተሠራ አይመስልም። ይሁን እንጂ የገብሱና የድንቹ ማሳ ከዘመን ወደ ዘመን ሽቅብ እየወጣ ከጅባራው እግር ሥር ደርሷል። ቀይ ቀበሮ በአንጻሩ ከዚህ ተራራ ጠፍቷል። በኢትዮጵያ ደጋ እንጂ በሌላ አገር የማይገኘውን ይህን አውሬ የሚያጠኑ ሊቃውንት፣ ዝርያው ከጠፋባቸው ተራሮች መካከል ጮቄን ይቆጥራሉ።

ለመሆኑ እንዲህ ያለውን አውሬ ገና ካለበት ተራራ አምጥቶ፣ በአጥር ከልሎና አራብቶ ማቆየት ተገቢ ነውን? ጥያቄው ለባለሙያ ብቻ የሚተው አይደለም። አጥሩ ስንት ሜትር፣ ቀለቡ ምን ያህል ይሁን የሚለውን ባለሙያ ይመልሳል። ሰው ሌላውን ፍጡር ለማዳን ሲል ነፃነቱን ሊወስድበት ይችላል ወይ የሚለው ግን የግብረ ገብ ጥያቄ ነው።

ለጉዳዩ ቅርብ የሆነው የአገር ውስጥ ተሞክሮ የአዲስ አበባው የስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ነው። ግቢው እ.ኤ.አ. በ1948 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሲቋቋም አንበሳው የዙፋን ምልክት ነበርና፣ ምልክቱ ሕያው ሆኖ በሕዝብ ፊት ይታይ ዘንድ ተፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1974 ዙፋኑ ወደቀ፤ አንበሶቹ ግን እየተራቡ ቀጠሉ። ምልክትነታቸው ሲያከትም ቀለባቸው አላከተመም። እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም ዜና ወኪሎች እንደዘገቡት፣ ለሚወለዱት ደቦሎች ቦታና ገንዘብ በመታጣቱ አንዳንዶቹ በመርዝ እንዲሞቱ ይደረግ ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ የእንግሊዙ የዮርክ ዩኒቨርሲቲና በጀርመን ላይፕሲሽ የሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም ተመራማሪዎች የተካፈሉበት ጥናት ታተመ። ጥናቱ የአሥራ አምስት የግቢውን አንበሶች የዘር ውርስ መርምሮ፣ ከሌሎች ከተነጻጸሩት አንበሶች የተለየ ሆኖ እንዳገኘው ገለጸ። ደረትና ሆድ ድረስ የሚወርደው ጥቁር ጎፈራቸውም ለዓይን ውበት ብቻ የሚታይ መሆኑ ቀርቶ፣ ተጠብቆ ሊራባ የሚገባው ዘር መለያ ሆኖ ተቆጠረ።

ከዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው አንድ ነገር አለ። በስድስት ዓመት ውስጥ አንበሶቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው የሰው ዕውቀት ነው። ትናንት ትርፍ የተባለው ደቦል ዛሬ ውድ ቅርስ ተባለ። የእንስሳው ዋጋ በሰው ግምት ብቻ የሚመዘን ከሆነ፣ ግምቱ በተለወጠ ቁጥር ሕይወቱ ትወድቃለች ወይም ትነሣለች ማለት ነው። እቅድ ማጣት ብቻ ነው ጥፋቱ እንዳይባል ደግሞ የኮፐንሃገን ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 በዚያች ከተማ የአራዊት ማቆያ ማሪየስ የተባለ ወጣት ቀጭኔ፣ ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ የወላጆቹ ዘር በእርባታው ውስጥ በበቂ ሁኔታ ተወክሏል ተብሎ ተገደለ፤ ሥጋውም ለአንበሶች ተሰጠ። በአንዱ ቦታ እቅድ በመጥፋቱ፣ በሌላው እቅድ በመከበሩ እንስሳ ሞተ። እንግዲህ እቅድ ራሱ በምን ይመዘን?

የጎጃም ገበሬ ስለ እርባታ ብዙ ያውቃል። ለላሞቹ ኮርማ ሲመርጥ ትከሻው የሰፋውን፣ ጠባዩ የታረመውን፣ የእናቱ ወተት የተመሰከረለትን ለይቶ ይይዛል፤ የቀረውን ያኮላሻል። ይህ ለሰው የሚበጀውን የማጥራት ጥበብ ነው። የአራዊት ማቆያ እርባታ የሚመራው ግን በተቃራኒው ሕግ ነው። ከሰው እጅ የሚበላው፣ ጎብኚ ሲመጣ የማይሸሸው እየተመረጠ ቢራባ፣ ከትውልዶች በኋላ የሚገኘው መልኩ የዱር፣ ጠባዩ የቤት የሆነ እንስሳ ነው። ስለዚህ ባለሙያው የሚጥረው ምርጡን ለማብዛት ሳይሆን፣ ከዱር የመጣው ልዩ ልዩ ውርስ በተቻለ መጠን ሳይጎድል እንዲተላለፍ ነው። ዓይናፋሩም፣ ቁጡውም፣ ደመ ቀዝቃዛውም በዱር አንድ ቀን የሚጠቅሙበት ክፉ ጊዜ ይመጣልና።

ለዚህም የዘር መዝገብ ይያዛል። እያንዳንዱ እንስሳ ከማን እንደተወለደና ከማን ጋር እንደተገናኘ ይጻፋል። አሠራሩ ለአገሩ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ሽማግሌ ከጋብቻ በፊት እስከ ሰባት ቤት እንደሚቆጥር ሁሉ፣ መዝገቡም የሥጋ ዝምድናን ይቆጥራል። ቆጠራው ከተዘነጋ ዘመዳሞች ተዳቅለው ደካማ ግልገልና የሚመክን ዘር ይመጣል። ጥቂት መሥራቾች ብቻ ባሉበት ግቢ ግን ሰባት ቤት ቆጥሮ ባዕድ ማግኘት አይቻልም። በዚህ ምክንያት አንድ ማቆያ ብቻውን እርባታ አያቅድም፤ በብዙ ከተሞች ያሉት እንደ አንድ ቤተሰብ መመካከር ይኖርባቸዋል።

ይህን ይዞ ወደ ቀይ ቀበሮ መመለስ ያስፈልጋል። በዱር ያሉት ጎልማሶች ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል፤ ከእኩሌታ በላይ የሚሆኑትም በባሌ ተራሮች ናቸው። በዓለም በየትኛውም የአራዊት ማቆያ ውስጥ የሚራባ ቀይ ቀበሮ የለም። ከመንደር ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 በባሌ ብዙዎቹን ፈጅቷል። ነገ ደግሞ ቢመጣ በመጠባበቂያ የተቀመጠ ዘር የለም። እርባታ ይጀመር የሚል ወገን ክርክሩን ከዚህ ያነሣል፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም።

ነገር ግን ለቀይ ቀበሮ ግቢ ለማቀድ የተቀመጠ ሰው በወረቀቱ ላይ ምን ይሥላል? ይህ አውሬ ለየብቻው ያድናል፤ በኅብረት ይኖራል። ሲነጋና ሲመሽ መንጋው ተሰብስቦ ወሰኑን ይዞራል፤ ምልክቱንም ያኖራል። በባሌ የተለካው የአንድ መንጋ ግዛት በአማካይ ስድስት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቀን ቀን እያንዳንዱ ከአይጥ ጉድጓድ አጠገብ በሆዱ ተለጥፎ ያደባል። ከመንጋው ብዙውን ጊዜ አንዲት እንስት ብቻ ትወልዳለች፤ የቀሩት ግልገሎቿን ይጠብቃሉ፣ ይመግባሉ። ሥጋ ተቆራርጦ ቢቀርብለት ይጠግብ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ ማድባት፣ ወሰን መጠበቅ፣ የሌላውን ልጅ መመገብ የመሳሰሉት ጠባዮቹ በጠባብ አጥር ውስጥ ሥራ ይፈታሉ። ግልገሉም ኑሮን የሚማረው ከመንጋው ነው። የሚያስተምረው ከጠፋ ደሙ ይቆያል፤ ኑሮው ግን ይጠፋል።

ስለዚህ መልካም እቅድ ከጎብኚው ዓይን አይጀምርም። ከአውሬው ኑሮ ይጀምራል። የሚደበቅበት ጥሻ፣ የሚቆፍረው አፈር፣ ደክሞ የሚያገኘው ምግብ ከመታያው መስኮት ይቀድማሉ። ሕፃናትን ይዞ የመጣ መምህር አውሬውን ሳያይ የሚመለስበት ቀን ይኖራል። ያ ቀን ግን ከንቱ አይደለም፤ ተማሪዎቹ ፍጡሩ ለእነርሱ መታያ ብቻ እንዳልተፈጠረ ይረዱበታል።

በማቆያ የተራባ አውሬ ወደ ዱር ሊመለስ መቻሉ በተግባር ተፈትኗል። የዓረብ ሳላ የመጨረሻው የዱር መንጋ እ.ኤ.አ. በ1972 በአዳኞች ሲጠፋ፣ አስቀድሞ በአሜሪካ የፊኒክስ ከተማ ማቆያ የተሰበሰበ መንጋ ነበረና፣ ከዚያ የወጣው ዘር እ.ኤ.አ. በ1982 ወደ ኦማን በረሃ ተመለሰ። መንጋው በዝቶ ሲያበቃ ግን ሕገ ወጥ አዳኞች እንደገና ተነሡበት፤ የጥበቃው ክልልም በ90 በመቶ ተቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ2007 ዩኔስኮ ቦታውን ከዓለም ቅርስነት ሰረዘው። ዘሩ በማቆያ ዳነ፤ አገሩ ግን አልቆየለትም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት እርባታ ከንቱ ነው የሚል ሳይሆን፣ እርባታ የሥራው እኩሌታ እንኳ አይሆንም የሚል ነው።

«ማቆያ» የሚለው ቃል ራሱ ይህን ይመሰክራል። የሚቆይ ነገር እስከ አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ጉዳይ ይቆያል። ማለቂያ የሌለው ማቆየት ምርኮ ነው። አማርኛ ለሌላው ዓይነት ማቆየት የታወቀ ስም አለው፤ አደራ ይባላል። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ሲባል፣ ተቀባዩ የያዘው የራሱ እንዳልሆነ፣ ለባለቤቱም ሳይጎድል መመለስ እንዳለበት መናገር ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃውን አይሸጥም፣ አይለውጥም፤ ጊዜው ሲደርስ «የለም» ቢል አደራ በላ ይባላል። እንግዲህ አውሬን የሚያራባ ሁሉ ከእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ማምለጥ የለበትም፤ የተያዘው ለማን ነው? እስከ መቼ? ወዴትስ ይመለሳል? ሦስቱን መመለስ የማይችል እቅድ የቱንም ያህል ያማረ ግቢ ቢሠራ፣ የምርኮ ቤት ማስዋብ ይሆናል።

በጮቄ ላይ ሦስተኛው ጥያቄ እጅግ ይከብዳል። እስከ ጅባራው ድረስ ያረሰው ገበሬ በክፋት አላረሰም፤ ልጆቹን ሊያበላ ነው። አውሬን ለማዳን ይህን ሰው ከማሳው ማንሣት ሌላ በደል ነው፤ በአንዱ ላይ በተፈጸመ ግፍ የሌላው መዳን አይጸናም። ቢሆንም ሰውና ቀይ ቀበሮ አንድ ተራራ ላይ ሊኖሩ አይችሉም ማለት ችኩልነት ነው። በመንዝ ጓሳ ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት እየዘጋ፣ በተወሰነ ጊዜ እየከፈተ ሲጠቀም ኖሯል። የጠበቀው ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለከብት መኖ ብሎ ነው። ሣሩ በመቆየቱ አይጡ፣ አይጡ በመቆየቱ ቀይ ቀበሮው ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1975 የመሬት ይዞታ ሲለወጥ የቀድሞው ሥርዓት ቢፈርስም፣ ነዋሪው ጥበቃውን በሌላ አደረጃጀት ቀጥሎበታል። በጓሳ አውሬውን ያቆየው አጥር ሳይሆን የሰዎች ስምምነት ነው።

አውሬ በሰው እጅ ገብቶ በአደራ ሊመለስ እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ታሪክም ከስሜን ተራሮች ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ ወንድ ቀይ ቀበሮ በጥይት እግሩ ተሰብሮ ተገኘ። የጥበቃ ሠራተኞችና ሐኪሞች በዚያው በተራራው ላይ በሠሩለት መጠለያ ሃምሳ ቀን ያህል አስታመሙት፤ ሲያገግምም ለቀቁት። ተይዞ፣ ታክሞ ወደ ዱር የተመለሰ የመጀመሪያው ቀይ ቀበሮ መሆኑ ተነግሯል። ኋላም ከእንስት ተጣምሮ ግልገሎች አፍርቷል። ስሙን ተረፈ አሉት። ያ መጠለያ ጎብኚ አልነበረውም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተሠራው ባዶ ሆኖ እንዲቀር ነበር። ሦስቱም ጥያቄዎች በአንዲት ጎጆ ተመለሱ፤ የተያዘው ለራሱ ነው፤ እስኪድን ነው፤ የሚመለሰውም ወደ ተራራው ነው።

ለጮቄም ቅደም ተከተሉ ይኸው ይመስላል። በመጀመሪያ ከነዋሪው ጋር የሚረጋ የሣርና የእርሻ ወሰን፣ የሚከተቡ የመንደር ውሾች፣ ለአራሹ ከከፍታው በታች የሚበቃ እንጀራ ይገኝ። ይህ ሳይሆን በደብረ ማርቆስም ሆነ በሌላ ከተማ የሚታጠር ግቢ፣ መመለሻ የሌለው አደራ መቀበል ነው። ይህ ሲሆን ግን የእርባታ እቅድ ትርጉም ያገኛል፤ አቃጁም ወረቀቱን ዘርግቶ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሥለው ከግቢው ወጥቶ ወደ ጮቄ የሚያደርሰውን መንገድ ይሆናል።