ያልተነገረ ቁስል

የተጎዳ ሰው ርዳታ የሚገባው ጉዳቱን በግልጽ ካስረዳ በኋላ ነውን? ይህን ጥያቄ ያስነሣን በአውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣው «ማርታ ማርሲ ሜይ ማርሊን» የተባለው ፊልም ነው። አዘጋጁ ሾን ደርኪን ከታላላቆቹ ኩባንያዎች ውጭ በአነስተኛ ገንዘብ ሠርቶ በዚያው ዓመት በሰንዳንስ የፊልም በዓል የአዘጋጅነት ሽልማት አግኝቶበታል።

ማርታ የምትባል ወጣት (ኤሊዛቤት ኦልሰን የተጫወተችው) በካትስኪል ተራሮች ካለ እርሻ በማለዳ ሸሽታ፣ ሁለት ዓመት ድምፅዋን ላልሰማችው እኅትዋ ስልክ ትደውላለች። እኅትዋ ሉሲም በኮኔቲከት፣ በሐይቅ ዳር ወዳለው ቤት ትወስዳታለች። በእርሻው ላይ ፓትሪክ የሚባል ሰው የሚገዛው ማኅበር አለ። ወንዶቹ በልተው እስኪነሡ ድረስ ሴቶቹ ይጠብቃሉ። ፓትሪክ ልጅቱን እንዳያት «ማርሲ ሜይ» የሚል ስም ያወጣላታል፤ ሴቶቹም ስልክ ሲያነሡ ሁሉም «ማርሊን» ነን ይላሉ። ሰንሰለት የለም፤ ስምዋ ግን ተወስዷል።

ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቀን ሌላ ነገር ነው። ፓትሪክ አዲስ የመጣችውን ሴት የሚያፈዝ መጠጥ ከጠጣች በኋላ ይደፍራታል፤ ሌላይቱ ሴትም ይህ መልካም ነገር ነው ብላ ታባብላታለች። ጥቂት ቈይቶ ማርታ ራስዋ ያንኑ መጠጥ አዘጋጅታ ለአዲስ ልጅ ትሰጣለች። እንግዲህ በእኅትዋ ቤት አፍዋን የያዘው ፍርሃት ብቻ አይመስለንም። ተበዳይ ብቻ ብትሆን ኖሮ ምናልባት ትናገር ነበር፤ በደሉን ወደ ሌላይቱ ያሻገረችው እጅ የራስዋ መሆኑን ግን ለማን ትናገራለች? «ሆድ ይፍጀው» የሚለው አነጋገራችን ለሐዘን ይሆን ይሆናል፤ ኀፍረትን ግን ሆድ እንዲህ በቀላሉ አይፈጀውም።

ሉሲን ክፉ ማለት አይቻልም። ምግብ፣ ልብስና አልጋ ሰጥታለች፤ ደጋግማም ጠይቃለች። ልጅቱ ግን ራቁትዋን ሐይቅ ትገባለች፤ ባልና ሚስት በተኙበት ገብታ ካልጋቸው ትጋደማለች፤ በግብዣ መካከል ትደነግጣለች። ባልዮው ቴድም ወደፊት ምን ልትሠራ እንዳሰበች ይጠይቃታል። (እሱንም ለመውቀስ አንቸኩል፤ ያስጠጋነው እንግዳ ሌሊት ከደረጃ ላይ ቢጥለን ከእኛ ስንቶቻችን እንታገሣለን?)

በእኛ አስተያየት ጕድለቱ በጥያቄው ላይ ነው። ቤቱ በመጀመሪያ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ማብራሪያው ሲዘገይ መልካም ጠባይ ይጠይቃል፤ ጠባዩ ሲጠፋ ወደ ሐኪም ይልካል። ሐኪሙ የሚያስፈልግ ነው፤ ነገር ግን «ብትናገሪም ባትናገሪም ቤትሽ ነው» የሚል ቃል አስቀድሞ አልተነገረም። እኛም በቢሮ ሆነ በትምህርት ቤት ሰውን የምንሰማው ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቅደም ተከተል ሲያስረዳ ነው፤ የማመልከቻ ልማድ እንዲህ አስተምሮናል። የማርታ ነገር ግን ቅደም ተከተል የለውም። ፊልሙ እርሻውንና ሐይቁን፣ ትናንትንና ዛሬን እያደባለቀ የሚያሳየን፣ ተመልካቹም የት እንዳለ ለጊዜው የሚጠፋው ስለዚህ ነው።

በመጨረሻ ማርታን ለሕክምና በመኪና ይዘዋት ሲሄዱ ከኋላ ሌላ መኪና ይከተላቸዋል፤ ፊልሙም እዚያው ይቋረጣል። ተከታዩ እውነተኛ ሰው ይሁን ወይም ያሳብዋ ጥላ አዘጋጁ አልነገረንም፤ ከፊት የተቀመጡትም አልጠየቁዋትም።