ስለ ዕቃ ዋጋና ስለ ዕድሜው

የዕቃ ዋጋ ማለት ሻጩ የሚጠራው ብር ብቻ አይደለም፤ እውነተኛው ዋጋ ብሩ ዕቃው ለሚያገለግልበት ዘመን ሲካፈል የሚገኘው ነው።

ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ዕቁብ ሲደርሰው፥ «ትልቅ ስማርት ፎን ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» ብሎ አማከረኝ። እኔም ሒሳቡን አሳየሁት። በ60,000 ብር የተገዛ ስልክ 2 ዓመት ቢያገለግል ለዓመት 30,000 ብር ይወጣበታል፤ 6 ዓመት ቢያገለግል ግን 10,000 ብር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በዕድሜው ውዱ ርካሽ፥ ርካሹም ውድ ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን ዕድሜውን የሚያሳጥሩ ነገሮች አሉ። ሰፊ ስልክ በአንድ እጅ ለመያዝ ያስቸግራል፥ መስታወቱም ሲሰበር መተኪያው ይወደዳል። ባትሪው ቻርጅ በተደረገ ቁጥር ኃይሉ በጥቂት በጥቂቱ ይደክማል። ፋብሪካው አፕዴት መላኩን ካቆመም ስልኩ ሳይሰበር ያረጃል። የአውሮፓ ኅብረት በፈረንጆች ከሰኔ 2025 ጀምሮ፥ የስማርት ፎን ባትሪ 800 ጊዜ ቻርጅ ከተደረገ በኋላ ቢያንስ 80 በመቶ ኃይሉን ይዞ እንዲገኝ በሕግ ያዘዘው ይህን በመገንዘብ ነው።

ልጆቼ ሆይ፥ ከመግዛታችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፤ ይህ ስልክ ነገ ወድቆ ቢሰበር የቤት ኪራዬ ወይም የእናቴ ቀለብ ይጎድላልን? የሚጎድል ከሆነ ዕቃው ጌታ፥ እናንተም ዘበኞቹ መሆናችሁ ነው። ተበድሮ መግዛትማ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው ነው። እንግዲህ ለመታየት ሳይሆን ለሥራችሁ የሚበቃውን ግዙ፤ ከገዛችሁም በኋላ ጠብቃችሁ ብዙ ዘመን ተገልገሉበት።