የማን በግ ታረደ?

ወረታ የመንገድ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወጣውም፣ በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልድያ የሚቆርጠውም በእሷ በኩል ያልፋል። እንዲህ ባለ ስፍራ ላደገ ወጣት እንግዳ መቀበል ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቁት ደግሞ ሌላ ዓይነት እንግዳ ይመጣል፤ ውኃ ከቤቱ ያስወጣው ዘመድ፣ ልጆቹንና ከብቶቹን ይዞ። ለእሱ ተብሎ አጥር አይቀባም። ጠበብ ብሎ ማደር ብቻ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ተነስተን እንጠይቅ። አንድ ከተማ ለኦሎምፒክ ዓለምን በሙሉ ሲጠራ የመስተንግዶው ዋጋ ከማን ጓዳ ሊወጣ ይገባል?

ጥያቄው የሩቅ ይመስል ይሆናል። አገራችን የአፍሪካ ዋንጫን እ.ኤ.አ. በ1962፣ በ1968 እና በ1976 አስተናግዳለች፤ በ1962ቱ እንዲያውም ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን እዚሁ አስቀርታዋለች። የኦሎምፒክ ደጋሽ ግን ሆና አታውቅም። ነገር ግን የሌላው ድግስ ታዳሚ ነን፤ ከበላን ደግሞ የበላነው ከየት እንደመጣ ማወቅ ይገባናል።

ያልበላነውም አለ። በ1976 ሞንትሪያል ላይ ኢትዮጵያ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ጋር ሆና ከጨዋታው ቀርታለች። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን በዘር መድልዎ ወደምትገዛው ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ሲጫወት ኒውዚላንድ ግን ከኦሎምፒኩ አልታገደችምና። ምሩፅ ይፍጠር ያን ዓመት ሳይሮጥ ቀረ፤ ሁለቱን ወርቆች ያመጣው ከአራት ዓመት በኋላ ከሞስኮ ነው። የሞንትሪያል ከንቲባ ዣን ድራፖ ወንድ ልጅ እንደማይወልድ ሁሉ ኦሎምፒክም አይከስርም ብለው ነበር። የስታዲየሙ ዕዳ ተከፍሎ ያለቀው በ2006 ነው። ሠላሳ ዓመት! ጨዋታው ሲካሄድ ያልተወለዱ ልጆች አድገው ከፈሉ። የእኛ ሰው እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይላል፤ ስለ ሠላሳኛው ዓመት የሚለው ነገር የለም።

ዕዳ እንኳ ይከፈላል። የከበደው የሪዮ ነው። በ2016 አልማዝ አያና 10,000 ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ስትሰብር እልል ያላልን ማን ነን? በዚያው ከተማ፣ ከኦሎምፒኩ ፓርክ ጎን፣ በሐይቅ ዳር ዓሣ አጥማጆች የመሠረቱት ቪላ አውቶድሮሞ የሚባል የድሆች ሰፈር ነበር። በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ተነሡ። ከፊሎቹ ካሳ ወስደው በፈቃዳቸው ወጡ፤ ከፊሎቹ አንወጣም ብለው ቤታቸው ፈረሰባቸው። በመጨረሻ ሃያ ያህል ቤተሰቦች ብቻ እዚያው ቀሩ። የጣና ዳር ልጅ ይህን ሲሰማ ሐይቅ ዳር ቤት ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል።

የአልማዝን ወርቅ ይህ አያጎድፈውም። እሷ ቤት አላፈረሰችም፤ እንግዳ ናት። እንግዳ ባለማወቁ አይወቀስም። ጥያቄው ለደጋሹ ነው።

ነቢዩ ናታን ለዳዊት የነገረውን ታሪክ (2ኛ ሳሙኤል 12) ሁላችን እናውቀዋለን፤ ታሪኩ ስለ መስተንግዶ መሆኑን ግን ልብ ያልነው ጥቂቶች ነን። ለባለጠጋው መንገደኛ መጣበት። ብዙ በግና ላም ነበረው፤ ከራሱ ማረድ ሳሳና የድሃውን አንዲት በግ ወስዶ አቀረበ። ሰውየው እንግዳ አልገፋም። ገበታው ሞልቶ ነበር፣ እንግዳውም ሳይመሰገን አልቀረም። በደሉ ያለው በጓዳው ነው፤ መንገደኛው በማያየው በኩል።

አንድ ሰው እንዲህ ሊል ይችላል፦ «እንዲህ እየቆጠርን ከሄድን ማንም ምንም አይደግስም። አብርሃም ሦስቱን እንግዶች ሲያይ ሮጠ እንጂ ሒሳብ አልሠራም።» እውነት ነው፤ ንፉግነትን በፍትሕ ስም ማልበስም አለ። የሰራፕታዋን መበለትም (1ኛ ነገሥት 17) አንርሳ፤ ካላት የመጨረሻ እፍኝ ዱቄት ለኤልያስ ጋገረች። ለእኔ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። መበለቲቱ ተጠየቀች፣ ሰማች፣ በገዛ እጇ ሰጠች። የድሃው ሰው በግ ግን ሳይጠየቅ ተወሰደ። ደግሞ በአብርሃም ቤትም ቢሆን ጥጃውን ያዘጋጀው ብላቴናው፣ ዱቄቱን ለውሳ እንድትጋግር የታዘዘችው ሣራ ነበረች። በእኛም አገር ስሙ የአባወራው፣ ጭሱ የእማወራዋ ነው። ይህን የምለው አብርሃምን ለመውቀስ አይደለም፤ ደግነት የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ በሌላ ሰው ወገብ ላይ እንደሚቆም ለማሳየት ነው።

በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ድግስ የዳካሩ የወጣቶች ኦሎምፒክ ነው፤ ለ2022 ታስቦ ወደ 2026 የተሸጋገረው። ተጋባዦቹ እኩዮቻችሁ ናቸው። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር አንድ ቀን ተራው ይድረሳት ብሎ መመኘት ኃጢአት አይደለም፤ እኔም እመኛለሁ። እስከዚያው ግን የእኛ ኦሎምፒክ የወጣቶች ኮንፈረንስ ነው። አስተናጋጅ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ እንግዶች በየቤቱ ይደለደላሉ፣ መዋጮ እኩል ይቆረጣል፤ ለመንግሥት ሠራተኛውም፣ ሩዙ በጎርፍ ለተበላሸበት ገበሬ ልጅም። የሌለው ወጣት አፍሮ ተበድሮ ያመጣል፣ ወይም ያን ሳምንት ከኅብረቱ ይጠፋል። እንጀራ ጋጋሪዎቹ እህቶች ስብከቱን ከወጥ ቤት ሆነው በድምፅ ማጉያ ይሰማሉ፤ በመዝጊያው ቀን መድረክ ላይ ወጥቶ የሚመሰገነው ግን ኮሚቴው ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ኮሚቴው ሲቀመጥ፣ ፍራሽ ከመቁጠሩ በፊት ወጥ ቤት ገብቶ እነዚያን እህቶች ስንት ሰው መመገብ እንደሚችሉና የትኛውን ፕሮግራም ቁጭ ብለው መካፈል እንደሚፈልጉ ቢጠይቃቸውስ?