ስንት መሳቢያ ይበቃል?

በትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች ላይ መስኮት የሌለው ተራ የመንገደኛ ክፍል፣ በተለምዶ ካቢን የሚባለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ14 እስከ 17 ካሬ ሜትር ስፋት አለው። ሁለት ሰው በዚህ ውስጥ አንድ ሳምንት ይሰነብታል፤ ከዚያም በላይ የሚቆይ አለ። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ጠባብ ጠረጴዛ፣ መቀመጫ፣ ሻወርና መጸዳጃ፣ ብዙ ጊዜም ካዝናና ትንሽ ፍሪጅ ይገኝበታል። ይህ ሁሉ ሊገባ የቻለው ክፍሉ ሰፊ ስለሆነ ሳይሆን ሥራ ፈት ቦታ ስላልተተወለት ነው።

አልጋው ከወለሉ ከፍ ያለው ባዶ ሻንጣ ከሥሩ እንዲገባ ነው። ሁለት ነጠላ አልጋዎች ሲጋጠሙ አንድ ሰፊ አልጋ ይወጣቸዋል፤ ልጅ ካለ ደግሞ ከግድግዳው ወይም ከጣሪያው ታጣፊ አልጋ ይወርዳል። ግድግዳው አብዛኛውን ጊዜ ብረት ነው፤ ስለዚህ ብዙ የተጓዘ ሰው ማግኔት ያላቸው ትንንሽ መንጠቆዎች ይዞ ይመጣል። አንዱን ከበሩ ጀርባ፣ ሌላውን ከመስተዋቱ አጠገብ፣ ሦስተኛውን ከሻወሩ ደጃፍ ይለጥፍና ኮፍያውን፣ የትከሻ ቦርሳውን፣ ገና ያልደረቀውን የዋና ልብስ ይሰቅልበታል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ግድግዳ ብቻ የነበረው ቁም ሣጥን ይሆናል። ካቢኑ ራሱም ከዚህ አሠራር የራቀ አይደለም። በፊንላንድ ፒይኪዮ እንዳለው ዓይነት ፋብሪካ ውስጥ ከነመታጠቢያ ቤቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ወደ መርከቡ አካል ተገፍቶ ይገባል፤ ሰው የሚኖርበት ትልቅ መሳቢያ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ወደዚህ መሳቢያ እንዳይገቡ የተከለከሉ ነገሮች አሉ። በባሕር ላይ እሳት እጅግ ስለሚፈራ ሻማ፣ ዕጣንና ካውያ በአብዛኞቹ መርከቦች አይፈቀዱም። ጧፍ አብርቶ መጸለይ የለመደ ምእመን እዚያ ያለ ጧፍ ይጸልያል። ጸሎቱ ጎደለ ወይስ አልጎደለም? በካቢን ውስጥ ስለ ልብስና ስለ ጫማ የሚነሳው ጥያቄ እዚህ ላይ ሲደርስ ይጠልቃል፤ አንድ ነገር ተወስዶበት ሕይወት እንደ ነበረ ከቀጠለ፣ የተወሰደው ነገር ምን ነበር?

ለዚህ ጥያቄ አማርኛ የራሱ መግቢያ በር አለው። «በቃ» ከሚለው ግስ «ይበቃል» ይወጣል፤ ምግቡ፣ ልብሱ፣ ቤቱ ልኩን ሞላ ማለት ነው። ከዚያው ግስ «የበቃ» ይወጣል፤ ምእመናን «የበቁ አባት» ሲሉ በጾምና በጸሎት ተጋድለው ከመዓርግ የደረሱ አባት ማለታቸው ነው። «መብቃቃት» ደግሞ አለ፤ ጥቂቱን ለብዙ ሰው አዳርሶ መኖር። የመጀመሪያው ቃል የሚለካው ዕቃን ነው፣ ሁለተኛው ሰውን። ሦስተኛው ግን አንድ ሰው ብቻውን የማይፈጽመው ሥራ ነው፤ ብቻውን የሚብቃቃ የለምና። ስለ ካቢን ሲታሰብ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ሦስተኛው ነው።

የመጀመሪያውን ካቢኑ ቶሎ ያስተምራል። በቤቱ ሦስት ቁም ሣጥን ሞልቶበት አራተኛውን ለመግዛት የሚያስብ ሰው፣ በጥቂት መስቀያና በሁለት በሦስት መሳቢያ ሁለት ሳምንት ሲኖር ምንም እንዳልጎደለው ያያል። ቤት የቀረው ዕቃ አብዛኛው የተገዛው ስላስፈለገ ሳይሆን ማስቀመጫ ቦታ ስላለ ነበር። ባዶ መደርደሪያ ዕቃ ይጠራል። ይህን በዓይን ማየት ዋጋ አለው፤ ነገር ግን ከልኩ በላይ ሊከበር አይገባም። መንገደኛው ጥቂት ዕቃ ይዞ የገባው ስለመነነ አይደለም። ፎጣው በየቀኑ ይለወጥለታል፣ ምግቡ ከላይ ባሉት ፎቆች ከማለዳ እስከ ሌሊት ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ የጀመረችው «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» 20 ፎቅና 2,805 ካቢን አላት፤ እስከ 7,600 መንገደኛና 2,350 ያህል ሠራተኛ ትይዛለች። የካቢኑ ጥበት በመርከቧ ስፋት ይካሳል። ሰውየው ያልያዘውን መርከቧ ይዛለታለች።

ሴኔካ የተባለው የሮም ፈላስፋ፣ በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ለወዳጁ ለሉኪሊዮስ ከጻፋቸው ደብዳቤዎች በአንዱ፣ ከአንድ ባልንጀራው ጋር በቀላል ጓዝ ስላደረገው የሁለት ቀን መንገድ ይተርካል። ፍራሹ መሬት ላይ ተነጠፈ፤ ከሁለት ካባዎቹ አንዱ ምንጣፍ፣ ሌላው ልብስ ሆነ፤ ምሳው ደረቅ በለስ ነበር። በዚህ ሁሉ ደስ እንዳለው ይናገራል፤ የተሻለ ሠረገላና አጀብ ያለው ሰው መንገድ ላይ ሲያጋጥመው ግን ሳይወድ በግድ ማፈሩን አይደብቅም፤ ከዚያም በመነሳት በጎነቱ ገና እንዳልጸና ራሱን ይወቅሳል። ይህ ቅንነቱ የሚያስመሰግነው ነው። ሆኖም በዚያው ደብዳቤ ባሮች አብረውት እንደ ነበሩ ይጽፋል፤ በአንድ ሠረገላ የሚጫኑ ጥቂቶች ብቻ መሆናቸውን ለጓዙ ማነስ ማስረጃ አድርጎ ያቀርበዋል። ሰዎቹ ከፍራሹና ከበለሱ ጋር አብረው ተቆጠሩ። በእንግዳ ሠረገላ ፊት ማፈሩን ያስተዋለ ዓይን እነሱን አላያቸውም። የጥቂት ዕቃ ፍልስፍና እስከ ዛሬ ከሚሰናከልባቸው ቦታዎች ዋነኛው ይህ ነው።

ከሴኔካ ሁለት መቶ ስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ በላይኛው ግብፅ የአንድነት ገዳማትን ያቋቋመው ጳኩሚስ ጉዳዩን በሌላ መንገድ ያዘው። ሥርዓቱ ወደ ግእዝ ስለተመለሰ ለኢትዮጵያ መነኮሳትም እንግዳ አይደለም። በእርሱ ገዳም መነኩሴው በክፍሉ ውስጥ የነበረው ዕቃ ሊቆጠር የሚችል ነበር፦ ምንጣፍ፣ ሁለት እጅጌ የሌለው ቀሚስና ሌላ አንድ ያረጀ፣ ሁለት ቆብ፣ የፍየል ሌጦ፣ የተልባ እግር መጎናጸፊያ፣ መታጠቂያ፣ ጫማና በትር። የሚቆለፍ ክፍል እንዲኖረውም አልተፈቀደም፤ በዕድሜ ወይም በሕመም ምክንያት አበምኔቱ ካልፈቀደ በቀር። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ምንጣፉና ሌጦው ቢወጡ የቀረው በካቢን ቁም ሣጥን ግማሽ ላይ ተሰቅሎ ቦታ ይተርፋል። ስለዚህ በስፋትና በዕቃ ብዛት ብቻ ከታየ በመነኩሴው ክፍልና በመንገደኛው ካቢን መካከል ያለው ርቀት ሰው እንደሚያስበው ሰፊ አይደለም። ሁለቱም ጠባብ ናቸው፤ ሁለቱም የጎደላቸውን ከጋራው ቤት ያገኛሉ።

ልዩነቱ ያለው ማዕድ ላይ ነው። በጳኩሚስ ገዳማት አገልግሎት በሳምንት ተራ ይዞር ነበር። በዚህ ሳምንት የተገለገለው በሚመጣው ያገለግላል። የመነኩሴው ክፍል ጠባብ ሆኖ ሊበቃው የቻለው ሌላው ስለተሸከመለት ነው፤ ነገር ግን እርሱም በተራው ይሸከማል። በመርከቡ ላይ ተራ የለም። አስተናጋጁ ሁልጊዜ አስተናጋጅ ነው፣ እንግዳውም ሁልጊዜ እንግዳ።

የአስተናጋጁ ክፍል ምን እንደሚመስል በሕግ ተጽፏል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀውና ነሐሴ 2013 በሥራ ላይ የዋለው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት፣ በመንገደኛ መርከብ ላይ መኮንን ያልሆኑ ሁለት ሠራተኞች የሚጋሩት መኝታ ክፍል ከ7.5 ካሬ ሜትር እንዳያንስ ይደነግጋል፤ ለሦስት ሰው 11.5፣ ለአራት ሰው 14.5 ካሬ ሜትር። ሁለት መንገደኛ የሚኖርበት ስፋት በሕጉ ዝቅተኛ ልክ ለአራት ሠራተኛ ሊበቃ ይችላል ማለት ነው። አልጋው ቢያንስ 198 ሴንቲ ሜትር በ80 ይሆናል። ለእያንዳንዱ ሰው ከ475 ሊትር የማያንስ ቁም ሣጥንና ከ56 ሊትር የማያንስ መሳቢያ ይሰጠዋል፤ ቁም ሣጥኑ ባለቤቱ የሚቆልፈው መሆን አለበት።

ይህ የቁም ሣጥን ቁጥር እንደ ሕግ አንቀጽ ብቻ ቢነበብ ያልፋል። 475 ሊትር አንድ ሜትር በግማሽ ሜትር ወለል ላይ ቆሞ ከአንድ ሜትር የማይበልጥ ቁመት ያለው ሣጥን ያህል ነው። እዚያ ውስጥ የሥራ ልብስ፣ የመውጫ ልብስ፣ ጫማ፣ ሳሙና፣ ለቤተሰብ የተገዛ ስጦታ፣ የልጅ ፎቶግራፍ ይገባል፤ የሚቆየውም እንደ መንገደኛው ሻንጣ ለአንድ ሳምንት ሳይሆን ውሉ እስኪያልቅ ለወራት ነው። ቁልፍ እንዲኖረው የተደነገገው ለባለቤቱ ገበና ሲባል መሆኑን ስምምነቱ ራሱ ይናገራል። ጳኩሚስ ቁልፍ የከለከለው የግል ሀብት በወንድማማቾች መካከል እንዳይገባ ይመስላል። እዚህ ግን ቁልፉ ለተቀጣሪ ሰው የተረፈው የብቻ ቦታ ነው። ያው ቁልፍ በአንዱ ቤት ስስት፣ በሌላው ክብር ይሆናል፤ ዕቃን ከባለቤቱ ኑሮ ነጥሎ መመዘን የማይቻለውም ለዚህ ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍትም ማከማቸትን በጅምላ አይኮንኑም። ኖኅ በባለ ሦስት ደርብ መርከቡ ክፍሎች እንዲሠራና ምግብ እንዲያከማች ታዘዘ፤ ምግቡ ግን ለእርሱም አብረውት ላሉትም ነበር። ዮሴፍ በግብፅ ሰባት ዓመት እህል አከማችቶ ተመሰገነ። በሉቃስ ወንጌል ምሳሌ ያለው ባለጸጋ ደግሞ ጎተራውን አፍርሶ የሚበልጥ ሊሠራ ሲያስብ ሰነፍ ተባለ። እህሉም ጎተራውም አንድ ዓይነት ነው። ዮሴፍ ያከማቸው ለተራበ አገር ነበር፤ ባለጸጋው ግን ሲያቅድ የሚያነጋግረው የገዛ ነፍሱን ብቻ ነው። የቂሣርያው ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህን ምሳሌ ሲሰብክ፣ በሣጥን ተቆልፎ የተቀመጠ ልብስ የታረዘው ሰው ንብረት እንደ ሆነ አስተምሯል። የመናው ታሪክ ደግሞ ልኩን በጎሞር ይሰፍረዋል፤ ብዙ የለቀመው አልተረፈውም፣ ጥቂት የለቀመውም አልጎደለበትም፣ ለነገ የተቀመጠው ተላ። ለሰንበት የተቀመጠው ግን አልተላም፤ ሁሉም የሚያርፍበት ቀን ስለሆነ ቅምጡ የሁሉም ነበር።

በዚህ ላይ ሊነሳ የሚገባ ተቃውሞ አለ። መንገደኛው ዓመት ሙሉ ሠርቶ ያገኘውን ዕረፍት በገንዘቡ ገዛ፤ አስተናጋጁም ሥራውን ወዶ ያዘ፣ ደመወዙም አገር ቤት ያለ ቤተሰብ ያኖራል። ይህ እውነት ነው፤ ዕረፍትም በራሱ ኃጢአት አይደለም፣ እንዲያውም የታዘዘ ነው። ነገር ግን የሰንበት ትእዛዝ ባለቤቱን ብቻ አያሳርፍም። አገልጋዩን፣ ገረዲቱን፣ በደጅ ያለውን እንግዳ፣ ከብቱን ሳይቀር በስም ይጠራል። የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ቢያንስ በቀን 10 ሰዓት፣ በሰባት ቀን 77 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥ ይጠይቃል፤ ይህም ከምንም ይሻላል፣ ብዙ ትግልም የተከፈለበት ነው። ሆኖም በብዙ መርከቦች ላይ የካቢን አስተናጋጅ ሥራ በሳምንት ሰባቱንም ቀን ነው። አንዱ ሰው የሚያርፍበት ሳምንት ለሌላው ሰንበት የሌለበት ሳምንት ከሆነ፣ «ይበቃል» የሚለው ቃል በአንደኛው ካቢን ውስጥ ብቻ ተቆጥሮ ትክክል ሊሆን አይችልም። መንገደኛው ስለ ራሱ መሳቢያዎች ያገኘው ትምህርት እውነተኛ ትምህርት ነው፤ ግማሹ ግን ከእርሱ በታች ባለው ፎቅ፣ በ475 ሊትሩ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል።

በጉዞው የመጨረሻ ሌሊት የካቢኑ ሥርዓት ይገለበጣል። መንገደኛው በየፎቁ ቀለም የተለየ መለያ ያሰረበትን ሻንጣ ከእኩለ ሌሊት በፊት ከበሩ ውጭ ያቆማል፤ ሠራተኞች እየሰበሰቡ ያወርዱታል። በእጁ የሚቀረው የሌሊት ልብስ፣ ለነገ የሚለብሰው፣ የጥርስ ብሩሽ፣ መድኃኒቱና ፓስፖርቱ ነው። በሳምንቱ ውስጥ ከጳኩሚስ ዝርዝር ጋር እጅግ የሚቀራረበው በዚያች ሌሊት ነው። ጠዋት ቁርሱን በልቶ ይወርዳል። ከዚያ እስከ ቀትር ባለው ጥቂት ሰዓት ውስጥ አስተናጋጁ አንሶላ ይቀይራል፣ ሻወሩን ያጥባል፣ የተረሳ ነገር እንዳይኖር ካዝናውንና መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ከፍቶ ያያል፣ ጎንበስ ብሎም ከአልጋው ሥር ይፈትሻል። አንዳንድ ጊዜ ከበሩ ጀርባ የማግኔት መንጠቆ ተለጥፎ ያገኛል። ነቅሎ ኪሱ ይከተውና በሩን ለቀጣዮቹ እንግዶች ክፍት አድርጎ ወደሚቀጥለው ካቢን ይሻገራል።